በሦስት ቁልፍ የተቆለፈው ኢንተርኔት

ሥራ በጀመርኩበት ዕለት የመጀመሪያ ፊርማዬን ያኖርኩት ለአንድ ፒንሳ ነው። ነቀምቴ፣ በስልክ መሥሪያ ቤቱ ግምጃ ቤት ደጃፍ ላይ፣ የመስመር ሠራተኞች ፎርማን የነበረው ጋሽ ሽፈራው የመሣሪያ ከረጢቴን ዘርግፎ አንድ በአንድ አስረከበኝ። ካቻቢቴ፣ መዶሻ፣ ቢላዋ፣ እንጨት ላይ ስንወጣ ወገባችን ላይ የምናስረው ቀበቶ፣ በመጨረሻም እጀታው ቀይ የሆነ፣ የፋብሪካ ቅባቱ ያልለቀቀ አዲስ ፒንሳ።

«አንቺ ልጅ፣ ስሚኝ» አለኝ ጣቱን ቀስሮ። «ይሄ የመንግሥት ንብረት ነው። እንደ ዓይንሽ ብሌን ጠብቂው። ቢጠፋም ቢሰበርም የምትጠየቂው አንቺ ነሽ።»

ሃያ ዓመቴ ነበር። ወላጆቼ ከወሎ መጥተው እዚያው ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ የሰፈሩ ናቸው። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ከደጅ ከወጣሁ ኦሮምኛ እያወራሁ ነው ያደግሁት። እናቴ ሴት ልጇ የስልክ እንጨት ላይ ልትወጣ መሆኑን ስትሰማ «አበስኩ ገበርኩ!» ብላ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። እኔ ደግሞ ከከፍታው ይልቅ ያስፈራኝ ፒንሳው ነበር።

በመሀረብ ጠቅልዬ ከከረጢቱ ሥር ሸጎጥኩት። የሽቦውን ላስቲክ የምልጠው በጥርሴ ነው። ሳምንት እንደሞላኝ፣ አኖ መንገድ ላይ አንድ እንጨት ጫፍ ላይ ሆኜ ሽቦ ስነክስ ጋሽ ሽፈራው ከታች አየኝ።

«አንቺ! ምን እየበላሽ ነው?»

«ሽቦ እየላጥኩ ነው ጋሼ።»

«ፒንሳሽስ?»

«ከረጢት ውስጥ ነው።»

«ምን ይሠራል ከረጢት ውስጥ?»

«እንዳይበላሽ ብዬ ነው።»

ሰውዬው ሆዱን ይዞ መንገድ ዳር ተቀመጠ። ከሳቁ ሲመለስ «ለጌጥ ነው እንዴ የሰጠሁሽ? አውጪና ሥሪበት!» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቡድኑ ውስጥ ዘውድነሽ የሚለው ስሜ ቀርቶ «ጥርሴ» ሆንኩ። ከረዳትነት ወደ ቴክኒሺያን፣ ከቴክኒሺያን ወደ ከፍተኛ ቴክኒሺያን ሳድግም ስሙ አብሮኝ አደገ።

ያኔ የምንዘረጋው መዳብ ነበር። ኋላ ፋይበር መጣ። ከፀጉር የቀጠነ መስታወት በማሽን እያቀለጥን እናጣብቃለን፤ አቧራ እንዳይነካው ትንፋሻችንን ሁሉ እንቆጥባለን። ቀጥሎ ደግሞ ዲሽና ሶላር መጣ። ዕቃው ሲለዋወጥ ያልተለወጠው የጋሽ ሽፈራው ንግግር ነው። እሱ ጡረታ ሲወጣ ንግግሩን እኔ ወረስኩት። ለትምህርት ቤትም ሆነ ለቀበሌ ዕቃ በምናስረክብበት ቦታ ሁሉ እኔ ተነስቼ «ቀቤኛ ሞቱማ ነው» እላለሁ፤ በኦሮምኛ የመንግሥት ንብረት ማለት ነው። «እንደ ዓይናችሁ ብሌን ጠብቁት። ቢጠፋም ቢበላሽም የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ።»

ንግግሩ ያለ ምክንያት አልነበረም። አኖ አጠገብ አንድ ጊዜ ከሁለት እንጨት መካከል ያለው ሽቦ ተቆርጦ ጠፋ። ስንፈልግ ስንፈልግ አንድ የተከበሩ መምህር ግቢ ውስጥ ልብስ ተሰጥቶበት አገኘነው። «ወድቆ አግኝቼ ነው እንጂ አልቆረጥኩም፤ ደግሞም ዝገት የለውም» አሉን መምህሩ፣ ሳይደነግጡ። ልብሱን አጥፈን አስረክበን፣ ሽቦአችንን ጠቅልለን፣ ባለቤታቸው ያቀረቡልንን አንጮቴ የሚባል ሥራ ሥር በቅቤ በልተን ተመለስን። የወለጋ ሰው ጥፋቱን ሲክድም እያበላ ነው።

ድጎማው የመጣው ጡረታዬ ሲቃረብ ነው። ነገሩ ባጭሩ ይሄ ነው፦ መንገድ የራቀባቸው የገጠር ቀበሌዎች ኢንተርኔት ለማስገባት አቅም ስለሌላቸው መንግሥት ዲሹን፣ ሶላሩን፣ ራውተሩንና የመጀመሪያውን ጊዜ የአገልግሎት ክፍያ ይሸፍናል። ቀበሌው የሚያዋጣው ጣሪያና ጥበቃ ብቻ ነው። አንድ ግዴታ አለበት። ዕቃው በተከታታይ ሦስት ወር ካልተሠራበት ይነቀልና ተራ ለሚጠብቅ ሌላ ቀበሌ ይሰጣል። ይህ ግዴታ በርክክብ ቅጹ ሁለተኛ ገጽ ላይ ነው የተጻፈው። ሁለተኛ ገጽ ማለቴን ያዙልኝ።

ከዲጋ አልፎ ባለች ጫፌ ገመቹ በምትባል ቀበሌ ዕቃውን የተከልኩት በአንድ ቀን ነው። አብሮኝ የሄደው ሾፌራችን ኦቦ ኢተፋ ነበር፤ ኦቦ እንደ አቶ ነው። መኪና ሲነዳ መዝሙር የሚዘምር፣ ሲቆም ደግሞ ከማንም ጋር ወሬ የሚጀምር፣ ሃያ ዓመት አብሬው የተንከራተትኩ ሰው ነው። ዲሹን የጤና ኬላው ጣሪያ ላይ ሰቀልኩ፤ ራውተሩን የነርሷ ጠረጴዛ አጠገብ ግድግዳ ላይ አሰርኩ።

ነርሷ ሲስተር ምሕረት ትባላለች፤ ከደብረ ማርቆስ ተመድባ የመጣች ልጅ ናት። ኦሮምኛዋ ገና እየተንተባተበ ነው፤ አገሬው ግን እጅግ ይወዳታል። መሰላሉን ይዛልኝ ሳለች «እትዬ ዘውዴ፣ ይሄ ነገር ከሠራ አርቤን መለስሽልኝ ማለት ነው» አለችኝ።

«አርብ ምን ሆነ?»

ነገረችኝ። የሳምንቱ ሪፖርትና የመድኃኒት ጥያቄ የሚላከው ኢንተርኔት ካለበት ከዲጋ ነው። ከጫፌ ወደ ዲጋ መኪና የሚወጣው በገበያ ቀን፣ አርብ ብቻ ነው። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ከየመንደሩ ወደ ጤና ኬላው የሚመጡትም በዚያው በገበያ ቀን ነው። እነሱ ሲመጡ እሷ የለችም። ከሩቅ መጥተው የተቆለፈ በር አይተው ይመለሳሉ። «አርብ አርብ ዲጋ ቁጭ ብዬ በሩ ነው የሚታየኝ» አለችኝ። አይዞሽ፣ ከዛሬ በኋላ አርብሽ ያንቺ ነው አልኳት።

ከዚያ ርክክቡ ሆነ። ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። የቀበሌው የኅብረት ሥራ ማኅበር ሊቀመንበር ኦቦ ተሬሳ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም የሆኑ፣ ረጅም ቀጥ ያሉ ሰው፣ ተነስተው ጸለዩ። እኔ ፍጥነቱን በራሴ ላፕቶፕ ለካሁ፤ ይሠራል። ቀና ስል በዲጋ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ያ መንገድ ዝናብ ከነካው መኪና ይውጣል። ቶሎ ቶሎ ንግግሬን አደረግኩ፦ ቀቤኛ ሞቱማ፣ የዓይን ብሌን፣ ተጠያቂነት። ቅጹን አስፈረምኩ፣ ሁለተኛውን ገጽ ሳላነብላቸው አጠፍኩት፣ መኪና ውስጥ ገባሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላል ያገሬ ሰው።

ሦስት ወር አለፈ። አንድ ሐሙስ የክፍላችን ኃላፊ አቶ ፍቃዱ ጠራኝ። እኔው ያሠለጠንኩት ልጅ ነው፤ አለቃዬ ከሆነ በኋላም አንቱታውን አላስቀረም። ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው።

«እትዬ ዘውዴ፣ ይቺ ጫፌ ገመቹ የእርስዎ ናት?»

«የኔ ናት።»

«ዲሹ ይሠራል፤ ሶላሩ ይሞላል። የተላለፈበት ነገር ግን ዜሮ ነው። ከተተከለበት ማግስት ጀምሮ ዜሮ! የድጎማው ክፍል እንዲነቀል ደብዳቤ ጽፏል።»

«ገመድ አይጥ በልቶት ይሆናል። ሳላየው አልነቅልም።»

«ሌላ ቀበሌ እየጠበቀ ነው እኮ።»

«ይጠብቃ! እኔም ጡረታዬን እየጠበቅሁ ነው።»

ሳቁን ዋጠና እንዲህ አለኝ፦ «ነገ ይሂዱ። ስለ መነቀሉ የምልከውን ሪፖርት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እይዘዋለሁ። ከዚያ በፊት እዚህ ስክሪን ላይ የሆነ ነገር ካየሁ ይቀራል፤ ካላየሁ ነቅለው ይምጡ።»

በነጋታው አርብ ነበር። ጫፌ ስንደርስ ገበያው ሞልቷል። ዲሹ በቦታው ነው፤ እንዲያውም አቧራ የለበትም። ሶላሩ እንደ መስታወት ያበራል። ኋላ እንደሰማሁት ቅዳሜ ቅዳሜ ወጣቶች ተራ ገብተው ያጥቡታል። ከጣሪያው ሥር ግን አምስት ስድስት እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። በሩ ተቆልፏል።

«ሲስተርስ?» አልኩ።

«ዲጋ ሄዳለች» አለችኝ አንዷ። ጀርባዋ ላይ ያለው ሕፃን ያለቅሳል። «ልጄ ሰውነቱ ሽፍ ብሎብኛል። ከጠዋት ጀምሮ ነው የተቀመጥኩት።»

ደሜ ፈላ። በመስኮቱ ሳይ ግድግዳው ላይ ራውተሩ የለም! የሰቀልኩበት ብሎን ብቻ ቀርቷል። ወይ ጉድ፣ ሰርቀውታል አልኩ በልቤ። እየተንደረደርኩ ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሄድኩ። ኦቦ ተሬሳ ከመጋዘኑ ደጃፍ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ፤ ብድግ ብለው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ።

«አከም ጅርቱ፣ አዴ ዘውዴ! ቤተሰብ ደኅና?» አዴ እንደ እትዬ ማለት ነው፤ ንግግራችን በኦሮምኛ ነበር፤ ለአንባቢ እንዲመች በአማርኛ ላስቀምጠው።

«ራውተሩ የት ሄደ ኦቦ ተሬሳ?»

«አለ! ምን ይሆናል? እዚሁ ነው» አሉና ከኋላቸው ያለውን የብረት በር በኩራት መታ መታ አደረጉት። በሩ ላይ ሦስት ጋን ቁልፍ ተንጠልጥሏል። «የጤና ኬላው በር ደካማ ነው፤ ሌባ በካልቾ ይከፍተዋል። እርስዎ በሄዱ ማግስት ነቅለን እዚህ አስገባነው። በአዲስ ነጠላ ጠቅልለን፣ ከስኳሩ በላይ መደርደሪያ ላይ። አንድ ሰው እጁን አላሳረፈበትም።»

«አንድም ሰው?»

«አንድም ሰው! በእግዚአብሔር ፊት እመሰክራለሁ።»

እሳቸው መዝገብ አወጡ። እንደ ዘይቱና እንደ ስኳሩ የእያንዳንዱ አባወራ ስም በተራ ቁጥር ተጽፏል። «የድጎማ ዕቃ ያለ ተራ አይታደልም። ከወረዳ ሰው መጥቶ እደላውን እስኪከፍት እየጠበቅን ነው» አሉኝ። ወገኖቼ፣ ፍረዱ። እዚህ አገር ድጎማ ሲባል ሰው የሚያውቀው ዘይት፣ ስኳርና ማዳበሪያ ነው። ሁሉም ያልቃል፤ ሁሉም ተራ አለው፤ ቀድሞ የነካ ይጠየቃል። እነዚህ ሰዎች አንዲት ነገር አላጠፉም። ሕጉን ጠበቁ።

«ሲስተር ምሕረትስ አልጠየቀችም?»

«ጠይቃለች። ግን ተከራይ ናት፤ በአባወራ መዝገብ ውስጥ ስሟ የለም። ወረዳ እስኪመጣ ታገሺ አልኳት፤ ምን ላድርጋት?» አሉ እያዘኑ። «እኔም እኮ ልቤ ያዝንላታል።»

«ታዲያ ለምን አትደውሉልኝም? ለምን እንዲህ ታደርጋላችሁ?» ብዬ ጮህኩ። ገበያተኛው ዞሮ አየኝ። ኦቦ ተሬሳ ግን አልተቆጡም። ቀስ ብለው አሉኝ፦

«አዴ ዘውዴ፣ እርስዎ አይደሉ እንዴ ያሉን? የመንግሥት ንብረት ነው፣ እንደ ዓይናችሁ ብሌን ጠብቁት፣ ቢበላሽ ትጠየቃላችሁ አሉን። እንዴት እንደምንሠራበት ያሉን ነገር አልነበረም። ያሉንን ጠበቅን።»

እውነታቸውን ነው። ቃል በቃል የኔ ንግግር ነው። በመሀረብ የጠቀለልኩት ፒንሳ ትዝ አለኝ። እሳቸው በነጠላ፣ እኔ በመሀረብ። ጋሽ ሽፈራው መንገድ ዳር ተቀምጦ ሲስቅብኝ ታየኝ፤ እኔም ከኀፍረቴ ጋር እየታገልኩ ሳቄ መጣ። ሳቁ ሲያልፍ እንባዬም መጣ። ያቺ ልጅ ሦስት ወር ሙሉ አርቧን ያጣችው በኔ ምላስ ነው።

ሰዓቴን አየሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። «ኦቦ ተሬሳ፣ ክፈቱት። ዛሬ ካልተሠራበት ይወሰዳል» አልኳቸው፤ ሁለተኛውን ገጽ አውጥቼ ያን ጊዜ ልናገር የሚገባኝን አሁን አነበብኩላቸው።

«ሲስተር ዛሬ ከተጠቀመችበት ለሌላው ምን ይቀራል?» አሉኝ።

«አያልቅም።»

«የማያልቅ ድጎማ አይቼ አላውቅም።»

ይሄኔ ኦቦ ኢተፋ ጣልቃ ገባ። «ኦቦ ተሬሳ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለውን ምንጫችሁን ማን ቆለፈው?»

«ምንጭ ይቆለፋል እንዴ?»

«ለምን አይቆለፍም?»

«ካልተቀዳ ይደፈናላ!»

«ይሄም እንደሱ ነው» አለ ኢተፋ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ግን ገና ከወንበራቸው አልተነሱም።

«ከዚህ ከተነቀለ የት ነው የሚወስዱት?» አሉኝ።

«ተራ ለሚጠብቅ ቀበሌ።»

«ለወንዝ ማዶዎቹ ነው?»

የትኛው ቀበሌ እንደሆነ አላውቅም ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ «ሊሆን ይችላል» አልኩ። ከወንዝ ማዶዎቹ ጋር በድልድይና በገበያ ቀን ስንት ዘመን ሲፎካከሩ እንደኖሩ ኢተፋ በመንገድ ላይ ነግሮኛል። ኦቦ ተሬሳ ተስፈንጥረው ተነሱ። «በሕይወቴ እያለሁማ አይሆንም!»

አንዱን ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡ። ሁለተኛው የማኅበሩ ግምጃ ቤት ኃላፊ ዘንድ ነው፤ በግ ሲሸጥ ከገበያ ጎትተን አመጣነው። ሦስተኛውን የያዘችው የማኅበሩ ተቆጣጣሪ አዴ ሌንሴ ናት።

«የት ናት?»

«ልጇ ወልዳለች፤ ልታርሳት ነቀምቴ ሄዳለች።»

እኛ ከመጣንበት ከነቀምቴ! ኢተፋ መሪውን እንደያዘ ሁሉ እጁን ዘርግቶ ቀረ። ሦስተኛው ቁልፍ ሳይከፈት መጋዘኑ አይከፈትም፤ ደንቡ ነው። ቁልፉን እንስበረው ስላቸው ኦቦ ተሬሳ አለቀሱ ማለት ይቀላል። «የማኅበር ቁልፍ አልሰብርም አዴ ዘውዴ። ማሎ፣ እባክዎ ይሄን አይበሉኝ።»

በሩን አየሁት። ሦስተኛው ጋን ቁልፍ የተንጠለጠለበት ብረት በአራት ብሎን ነው የታሰረው፤ ብሎኑም በውጭ በኩል ነው። ካቻቢቴዬንና ያን ቀይ እጀታ ፒንሳ አወጣሁ።

«ቁልፉን አልሰብርም» አልኩ። «ብሎን ነው የምፈታው። ቢጠየቅ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

ኦቦ ተሬሳ አዩኝ፤ በሩን አዩ፤ ከዚያ ዞረው ገበያውን መመልከት ጀመሩ። «እኔ የበግ ዋጋ እያየሁ ነው» አሉ። «ከኋላዬ የሚሆነውን አላየሁም።»

የዛገውን ብሎን በፒንሳ ነክሼ አንድ በአንድ ፈታሁት። ሦስተኛው ቁልፍ እንደተቆለፈ ከነብረቱ ወደ ጎን ተንጠለጠለ። ራውተሩን ከስኳሩ በላይ አገኘሁት። በነጠላ ተጠቅልሎ፣ ጥለቱ ወደ ላይ ሆኖ፣ ከላዩ ላይ የርክክብ ቅጹ ተቀምጦ። እንዲህ የተከበረ ራውተር በዘመኔ አይቼ አላውቅም።

አሥር ሰዓት ሲል ሲስተር ምሕረት ከዲጋ በገበያ መኪና ላይ ተጭና መጣች። ከእህል ጆንያ ላይ ወረደችና በእጄ የያዝኩትን ራውተር አየች፤ እኔን አየች። «ልትወስጂው ነው?» አለችኝ።

«ልመልሰው ነው። በሩን ክፈቺ።»

ገመዱን ሰካሁ፣ ራውተሩን ወደ ቦታው መለስኩ። መብራቱ ቀይ ሆነ፤ ቀጥሎ ብጫ። እሷ ግን ራውተሩን ዞራም አላየችው። ሽፍ ያለበትን ሕፃን ከእናቱ ተቀብላ ጀርባውን ትመረምራለች። አሥር ከአርባ ሆነ። «ሲስተር፣ የሆነ ነገር ላኪ! ሰዓቱ ደረሰ!» አልኳት።

«መጀመሪያ ልጁ» አለችኝ ቀና ሳትል። ተቆጣሁ፤ ደግሞም ኮራሁባት።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ያን ጊዜ ነው ስልኳን ያነሳችው። እናቲቱን አስፈቅዳ የሕፃኑን ጀርባ ፎቶ አነሳችና ነቀምቴ ላለ ለምታውቀው ሐኪም ላከችው። ኦቦ ተሬሳ በሩ ላይ ቆመው ባርኔጣቸውን ያሻሉ። ጥቂት ቆይቶ መልሱ መጣ። ሽፍታው የሚያሰጋ እንዳልሆነ፣ ኬላው ውስጥ ካለው ቅባት እንድትሰጠው፣ ነቀምቴ ድረስ መምጣት እንደማያስፈልግ ጽፏል። ሲስተር በዚያ በተንተባተበ ኦሮምኛዋ ለእናቲቱ ነገረቻት። እናቲቱ ሕፃኑን ደረቷ ላይ አድርጋ «ገለቶሚ፣ ገለቶሚ» አለች፤ ማመስገኗ ነው።

ስልኬ ጠራ። አቶ ፍቃዱ ነው።

«እትዬ ዘውዴ! ስክሪኑ ላይ የሆነ ነገር አየሁ። ምንድን ነው የላካችሁት?»

«የሕፃን ጀርባ» አልኩት።

«ምን?»

«የሕፃን ጀርባ ነው ያልኩህ! ሪፖርትህን ቅደደው።»

ኦቦ ተሬሳ ጠጋ ብለው ራውተሩን አዩት። «አለቀ?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«አላለቀም።»

«ትንሽም አልጎደለም?»

«ትንሽም።»

ከብብታቸው ያን የአባወራ መዝገብ አወጡ። ከተራ ቁጥር አንድ በላይ ባለችው ባዶ ቦታ በጥንቃቄ «ሲስተር ምሕረት» ብለው ጻፉ፤ ከስሟም ጎን «በየቀኑ» የሚል ጨመሩበት። መዝገብ አያስፈልግም ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ልጅቷ ስሟን ስታነብ አይኗ እንባ ሲሞላ አይቼ አፌን ዘጋሁ።

ከመሄዳችን በፊት የመጋዘኑን ብሎን መልሼ አሰርኩ። ይህን ጊዜ ግን ዝናብ ቢያስገመግምም መኪና ውስጥ አልገባሁም። ኦቦ ተሬሳ በገዛ እጃቸው ራውተሩን አጥፍተው እስኪያበሩት፣ ግምጃ ቤት ኃላፊው ለልጁ መልእክት እስኪልክ ድረስ ቆየሁ። መንገዱ ላይ ጭቃው ያዘን፤ ዲጋ አደርን። ኢተፋ ሌሊቱን ሙሉ አልወቀሰኝም፤ ለሱ ትልቅ ነገር ነው።

ጡረታ የወጣሁት ከዚያ ወዲህ ነው። ዕቃ ስመልስ የግምጃ ቤቱ ልጅ ፒንሳውን ወደ ብርሃን አንስቶ አየው። «እትዬ፣ ይሄማ ጥርሱ አልቋል» አለኝና መዝገቡ ላይ «አገልግሎቱን የጨረሰ» ብሎ ጻፈ። በሕይወቴ ከተጻፈልኝ ሁሉ ይበልጥ ደስ ያለኝ ያ ነው።

ባለፈው ለለቅሶ ወደ ዲጋ ሄጄ ኢተፋን በጫፌ አዙረኝ አልኩት። አርብ ነበር። ገበያው ሞልቷል፤ የጤና ኬላው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሲስተር ምሕረት ሕፃን ስትመዝን ነበርና ሳልጠራት አለፍኩ።

ለናንተ ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው ይሄን ነው፦ ፊርማ ርክክብ አይደለም። ሁለተኛውን ገጽ አንብቡላቸው፤ ሰዎቹ በገዛ እጃቸው ሲሠሩበት ሳታዩም መኪና ውስጥ አትግቡ።